ዳኝነቱን ለልጆቹ የሰጠሁበት መኸር

መስከረም 22 ቀን 1975

ዘጠኝ ቀን ንዳድ ጥሎኝ ዛሬ ገና ከደጅ ወጣሁ። ውሃው ከሜዳው እየሸሸ ነው፤ ትንኙ ግን አልሸሸም። የነፍስ አባቴ ቄስ አዛናው ሊጠይቁኝ መጥተው፣ «አንተ ደሳለው፣ ለንስሐ ስትመጣ ግማሹን ረሳሁት ትለኛለህ። አስተማሪ አይደለህም? ጻፈው እንጂ!» አሉኝ። እንግዲህ ይኸው ጀመርሁ። ለሰው ዓይን የሚሆን አይደለም።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር የወጋኝ መርፌ ትኩሳቱን አብርዶልኛል። ጆሮዬ ውስጥ ግን አንዲት ፌንጣ ገብታ ቀረች። ዝም አትልም። «ይተውሃል» ብሎኛል ድሬሰሩ።

ባለቤቴ ወለተ ሐና ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። ብትኖር ጤና አዳም ጨምቃ ጠብ ታደርግልኝ ነበር።

መስከረም 27

ትምህርት ተጀመረ። አምስተኛ ክፍል፣ ሃምሳ ሦስት ልጅ፤ ሙዚቃ በሳምንት ሁለት ቀን።

ዘንድሮ ልጆቹን ምን እንደ ነካቸው አላውቅም። ቃላቸው ከከንፈራቸው አይወጣም። አምና ጣራውን ሊያነሡት የደረሱት እነዚህ አይደሉም? ዘበኛውም ደወሉን፣ ያን የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ፣ እየለገመ ይመታዋል። ሁለት ጊዜ አርፍጄ ክፍል ገባሁ። ልነግረው ይገባል።

ጥቅምት 4

የበዓል ጨዋታውን ዛሬ ጀመርን። ጋቢዬን በጥቁር ሰሌዳው ጥግ በገመድ እሰቅለዋለሁ። አንድ ልጅ ከጋቢው ወዲያ ገብቶ የአንድ በዓል ድምፅ ያሰማል። ጅራፍ ቢያጮኽ ቡሄ፣ ዱላ ሩሯን፣ የእንጨት ኳሷን፣ ቢመታ ገና፣ ካራ በካራ ቢስል ፋሲካ፣ ከበሮና ጸናጽል ከሆነ ጥምቀት። የቀሩት ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ ስሙ የተጠራው በዓሉን ይናገራል። ከዚያ «ቀጭን ነበር ወፍራም? ረጅም ነበር አጭር?» እያልሁ ሳያውቁት ወደ ትምህርቱ አስገባቸዋለሁ። ከዕቃዎቹ ግማሹ ከየቤታቸው የመጣ ነው። በመምህራን ማሠልጠኛው ሳለሁ «ከኖታ በፊት ጆሮ ይቅደም» የሚል መምህር ነበረን። እውነቱን ነው።

እስካምና ትክክል ነው፣ ስሕተት ነው የምለው እኔ ነበርሁ። ዘንድሮ ከየመደዳው አንዳንድ ልጅ ዳኛ አድርጌ ሾምሁ። ትክክል ከሆነ ቀኝ እጅ፣ ስሕተት ከሆነ ግራ እጅ ያነሣሉ። ኃላፊነት ይለምዳሉ። ለልጆቹ ጥሩ ነው።

ጥቅምት 12

ዲሬክተራችን ጓድ መንግሥቴ በመስኮት ቁሞ ሲያይ ቆየና ገባ። «ጓድ ደሳለው! ዳኝነት ከመምህሩ ወርዶ ወደ ሰፊው ሕዝብ! ይህማ ለአውራጃ ሪፖርት የሚደረግ ነው!» ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ከዚያ ጠጋ ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ነገረኝ፤ ራሴን ነቀነቅሁለት። በኋላ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ባይልክልኝ ምን ብሎኝ እንደ ነበር አላውቅም ነበር። «ገና» አይባል፣ «የዱላ ጨዋታ ወቅት» ይባል። «ጥምቀት» አይባል፣ «የውሃ ዳር ባህላዊ ትርዒት» ይባል።

ለልጆቹ ስነግራቸው ሳቁብኝ። ከፊት የሚቀመጠው ማረው ተነሥቶ፣ «መምህር፣ ካራ የሚሳልበትስ ወቅት ምን ይባል?» አለ።

«የበግ ኀዘን ወቅት!» አለው ጓደኛው እየጮኸ። እኔም ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

ለከንቱ ምስጋና ፈገግ ብያለሁ ዛሬ። ይህንንም ልጻፈው።

ጥቅምት 27

መድኃኔዓለም። ልጽፈው አልፈልግም፤ ደብተሩ ግን ለዚህ ነው።

እንደ ሁልጊዜው የደብሩን ከበሮ የያዝሁት እኔ ነበርሁ፤ ዝማሬው አልቆ እኔ አሁንም እመታለሁ። ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ ሲያየኝ ነው የገባኝ። አንድ ዲያቆን መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። ምን ላድርግ፤ ዜማው ከመጀመሪያውም ደክሞ ነበር። ድምፅ ያለው ዲያቆን ጠፍቷል ዘንድሮ።

የሚስቴ እኅት እማዋይሽ ምሳ ይዛልኝ መጥታ፣ «መንደሩ ሁሉ 'ደሳለው ለብቻው ሌላ ታቦት አነገሠ' ይላል» አለችኝ። እሷ ስትናገር ይሰማኛል፤ ድምፅዋ የእረኛ ድምፅ ነው። ሳቀች፤ ወዲያው መሳቋን ተወች።

ኅዳር 3

በዕረፍት ሰዓት። ጸሐይነሽ አበረን አንበረከክኋት። ሦስቴ ጠየቅኋት። ዝም። ክፍሉ ሳቀብኝ። ደወል።

ማታ። ረጋ ብዬ ልጻፈው። ጸሐይነሽ ከሜዳው መካከል፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ የምትመጣ የገበሬ ልጅ ናት፤ ዐሥራ ሦስት ዓመቷ። ጅራፉ ጮኸ። እሱንማ እኔም ሰምቸዋለሁ። «የምን በዓል ነው?» አልኋት። ተነሥታ እንደ ጨዋ ልጅ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን መሬት ተክላ ቆመች። ደገምሁ። ሠለስሁ። ዝም ብላ ሳለ ዳኞቹ ሁሉ ቀኝ እጃቸውን አነሡ! ዝም ላለች ልጅ እንዴት ትክክል ትላላችሁ ብዬ እነሱንም ተቆጣሁ። እሷን በበሩ ጥግ እስከ ክፍለ ጊዜው ማለቂያ አንበረከክኋት። አላለቀሰችም። ባለቀሰች ይሻለኝ ነበር።

እንዲህ ያለ ትዕቢት ከወዴት ያመጡታል?

ኅዳር 7

ጸሐይነሽ ቀርታለች። ትላንትም ቀርታ ነበር።

ኅዳር 8

ዛሬም።

ኅዳር 10

አባቷ አበረ መጣ። በሬ ሲነዳ የኖረ ሰው ነውና ድምፁ ከአጥሩ ማዶ ይደርሳል። ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመን ተነጋገርን።

«ልጅዎን ምነው አስቀሯት?» አልሁት።

«ያስቀሯት እርስዎ ነዎት መምህር። ልጄ መልሳለች። ሦስት ጊዜ ጠየቋት፣ ሦስት ጊዜ 'ቡሄ' አለችዎ።»

«አልመለሰችም አቶ አበረ።»

«ክፍሉ ሁሉ ሰምቷል። እናቷ 'ለታላቅ ሰው ስትመልሽ አትጩኺ፣ አፍሽን ሸፈን አድርጊ' ብላ ነው ያሳደገቻት። ጮኻ ብትመልስ ኑሮ 'ባለጌ' ይሏት ነበር፤ ቀስ ብትል አንበረከኳት። ታዲያ ይች ልጅ በምኗ ትናገር?»

ዓይኔን ወደ ደወሉ ቸርኬ መለስሁ።

«ዳኛ ዘንድ አልሄድም» አለኝ። «ትመለስ ካሉ፣ ባንበረከኩበት ቦታ፣ በነዚያው ልጆች ፊት 'መልሳለች' ይበሉ። ሌላ ምንም አልጠይቅዎ።» ቆቡን አነሣልኝና ሄደ።

ክፍል ገብቼ ጠየቅሁ። «ጸሐይነሽ ያን ለት መልሳ ነበር?» ማንም ሳያዛቸው ሃምሳ ሁለት ቀኝ እጅ ተነሣ።

ያን ጊዜ ልናገር ይገባኝ ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን «መልሳለች» ካልሁ ቀጥሎ የሚመጣው «ታዲያ አንተ ለምን አልሰማህም?» ነው። የማይሰማ የሙዚቃ መምህር ማን ያኖራል? ዜማ ቤት ጀምሬ ሳልጨርስ የወጣሁ ሰው ነኝ። እጄ ላይ ያለችው ይህችው ሥራ ብቻ ናት። ደግሞ ፌንጣዋ ሰሞኑን ቀለል ያለች ይመስለኛል። ትንሽ ቀን ይሰጠኝ። «ገጽ ስድስትን ግለጡ» አልሁ።

ኅዳር 15

እማዋይሽ ዛሬ ተንኮል ሠራችብኝ። ደጅ ተቀምጬ መቋሚያዬን ስጠግን ድንገት ፊቴ መጥታ ቆመች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ምነው፣ ማን ሞተ?» አልኋት።

«ከኋላህ ቁሜ ስጠራህ ነበር። 'ቤትህ ተቃጠለ' ስል ነበር። ዘወር አላልህም።»

«አሳብ ይዞኝ ነው።»

«ምን ያለ አሳብ ነው ቤት ሲቃጠል የማያስነሣ? ኧረ ደሳለው፣ እኔን እንኳ አትዋሸኝ! ወንዛዬ ሂድና ተጠመቅ።»

«ለጆሮ ሲባል ፍል ውሃ?»

«ለጉልበት የሆነ ለጆሮ ምን ይከለክለዋል?»

ኅዳር 26

ከወንዛዬ ተመለስሁ። እስከ ሐሙሲት በእህል መኪና፣ ከዚያ በእግሬ። ሁለት ቀን ጠዋትና ማታ እስከ አንገቴ ገባሁ፤ ራሴንም ነከርሁ። አጠገቤ ያለው ሽማግሌ ውሃው ከምንጩ ሲፈላ የሚያጉረመርም ድምፅ እንዳለው ነገረኝ። እኔ አረፋውን አየሁ።

ጉልበቴ ግን በጣም ተሽሎኛል።

ታኅሣሥ 1

ጓድ መንግሥቴ እየሮጠ መጣ። የጻፈው ሪፖርት አውራጃ ደርሶ ተወዷል። ታኅሣሥ 25 ቀን ከአውራጃ ጓድ ቢሻው የሚባሉ ኃላፊ መጥተው ጨዋታውን ሊያዩ ነው፤ ከወደዱት ለሌሎች ትምህርት ቤቶች ማሳያ ይሆናል። ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ ነበር።

የጸሐይነሽን ነገር ነገርሁት። ጆሮዬን አልነገርሁትም፤ ብቻ «ሳላጣራ ቀጥቻታለሁ፣ በክፍሉ ፊት ልናገር እፈልጋለሁ» አልሁት።

«ከእንግዳው በኋላ» አለኝ። «ደሳለው፣ በእናትህ። አሁን አንተ ልጅ ያለ ጥፋቷ ቀጣህ ከተባለ፣ ቀጥሎ የምጠየቀው እኔ ነኝ። አምስት ልጆች አሉኝ።»

ክፉ ሰው አይደለም። እኔም «ከእንግዳው በኋላ» የሚለውን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ያ ደስታ ነው አሁን የሚቆረቁረኝ።

ታኅሣሥ 7

እማዋይሽ ከገበያ ወሬ ይዛ ገባች። ለጸሐይነሽ ከሐሙሲት በኩል ሽማግሌ ተልኮላታል። ከጥምቀት ማግሥት፣ በጥር ይሁን ብለዋል።

«ዐሥራ ሦስት ዓመቷ እኮ ነው!» አልሁ።

«ትምህርት ቤት ብትውል ኑሮ አበረ 'ልጄ ተማሪ ናት' ብሎ ይመልሳቸው ነበር። ቀድሞም ለትዳር ስትጠየቅ ደጋግሞ ያለው እሱኑ ነው። አሁን እቤት የዋለችን ልጅ ምን ብሎ ይከልክል? ወፍ ትጠብቃለች ይበል?»

እንጀራውን ሳልነካው አነሣችው።

ታኅሣሥ 11

ለቄስ አዛናው ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ደብተሩን ራሱን አነበብሁላቸው። መቋሚያቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ሰሙኝ። ስጨርስ ወደ ጆሮዬ ሳይሆን ወደ ፊቴ ዞረው ቀስ እያሉ ተናገሩ። እሳቸውም ያውቁ ኑሯል።

«አባቴ፣ ቀኖና ይስጡኝ» አልሁ። «ስግደትም ቢሆን፣ ጾምም ቢሆን።»

«ስግደት ላንተ ቀላል ነው፤ ስትሰግድ የኖርህ ሰው ነህ። ይልቅ ለልጅቱ ቃሏን መልስላት።»

«ሥራዬስ?»

«ሥራህን አልጠየቅሁህም።»

«ከበሮውስ?»

እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። የከበሮው ነገር እንዳለቀ ያን ጊዜ አወቅሁ።

ታኅሣሥ 16

ቅዳሜ። አበረን ፍለጋ ወደ ሜዳው ወረድሁ። አውድማው ላይ በሬዎቹን እየነዳ እህል ሲያበራይ አገኘሁት። ጸሐይነሽ ከወዲያ ማዶ መንሽ ይዛ ገለባ ታነሣለች፤ ስታየኝ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ጎንበስ አለች።

«አቶ አበረ፣ የመጣሁት እውነቱን ልነግርዎ ነው» አልሁት። «ጆሮዬ ታሟል። ልጅዎ መልሳለች፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁ።»

በሬዎቹን አቆመ። «እግዜር ይማርዎ» አለ። ከልቡ ነው ያለው። ከዚያ፣ «ታዲያ ለምን እዚህ ድረስ ደከሙ?» አለኝ።

«ልነግርዎ ነዋ!»

«ለኔማ ነገሩኝ። እኔን አላንበረከኩኝም።»

ጠላ ቀዳልኝ፤ እጀ መንሻ የያዘ እንግዳ ይመስል ከጥላ ሥር አስቀመጠኝ። ስነሣ፣ «እንግዳ የሚመጣበት ሰኞ ልልካት ነው። ያን ለት ካሉት አሉት። ካላሉት ግን ለሐሙሲቶቹ ቃል እሰጣለሁ» አለኝ።

ከእንግዳው በፊትም፣ ከእንግዳው በኋላም አይደለም። በእንግዳው ፊት።

ታኅሣሥ 24

እሑድ። ክፍሉን ጠረግን። ጋቢው ታጠበ። ጓድ መንግሥቴ ሦስቴ መጥቶ «ገና የሚል እንዳይኖር» አለኝ።

ታኅሣሥ 25

በየተራው ልጻፈው።

ጓድ ቢሻው ካኪ የለበሱ፣ ፊታቸው የማይከብድ ሰው ናቸው። ከጓድ መንግሥቴ ጋር ከኋላ ተቀመጡ። ጸሐይነሽ በበሩ በኩል ተቀምጣለች። አበረ ዱላውን ተደግፎ ከመስኮቱ ውጭ ቁሟል።

ጨዋታው አማረ። ጅራፉም፣ ሩሯም፣ ካራውም በየተራቸው አለፉ። ዳኞቹ እጃቸውን ባነሡ ቁጥር ጓድ ቢሻው ይጽፋሉ። ማረው በስሕተት «ገና!» ብሎ ሲጮህ ጓድ መንግሥቴ ፊቱ ቢገረጣም፣ እንግዳው ሳቁ። በመጨረሻ ጓድ መንግሥቴ በእጁ «በቃ፣ ዝጋው» አለኝ። ሰዓቱ ደርሷል፤ እንግዳው ረክተዋል። መዝጋት እችል ነበር።

«አንድ ተጫዋች ቀርቷል» አልሁ። ከልጆቹ መደዳ ገብቼ ተቀመጥሁና ዓይኔን በመሐረብ አሰርሁ። «ጸሐይነሽ ከጋቢው ወዲያ ትግባ።»

መጀመሪያ መሬቱ እግሬ ሥር ነዘረ። «ከበሮ» አልሁ። ቀጥሎ ምንም የለም። ጠበቅሁ። ፌንጣዋ ብቻ። አጠገቤ ያለው ልጅ በክርኑ ነካ አደረገኝ፤ መልስ ማለቱ ነው።

«አልጀመረችም እኮ» አልሁ። መሐረቡን ፈታሁ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው እየሳቁ ነበር። ጸሐይነሽ ጸናጽሉን ከጋቢው በላይ አንሥታ ታንቀጠቅጠዋለች።

ተነሥቼ ወደ በሩ ጥግ ሄድሁ። ያንበረከክኋት እዚያ ነው።

«ይህን ጸናጽል የሰማ እጁን ያንሣ» አልሁ። ሁሉም አነሡ። ጓድ ቢሻውም ሳይታወቃቸው አነሡ።

«እኔ አልሰማሁም። ከንዳዱ ወዲህ ቀጭን ድምፅ አልሰማም። ኅዳር 3 ቀን ጸሐይነሽን ሦስት ጊዜ ጠይቄአት ሦስት ጊዜ መልሳለች። ትክክል መልሳለች፤ ዳኞቹም ትክክል ፈርደዋል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ልጄ፣ ይቅር በይኝ። ዳኝነቱንም ለእናንተ የሰጠሁት ስለማልሰማ ነው እንጂ ሌላ ትልቅ አሳብ ኑሮኝ አይደለም።»

ሳቁ እንደ ቆመ ከፊታቸው አየሁ። ጓድ መንግሥቴ ግንባሩን በእጁ ያዘ። ጓድ ቢሻው ከኋላ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ አልደረሰኝም። ያን ጊዜ ጸሐይነሽ ከጋቢው ወዲያ ወጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች። ነጠላዋን ከአፏ ወደ ትከሻዋ አወረደች። አንገቷ ድረስ ቀልታለች። ከንፈሯን እያየሁ፣ «'ለምን አስቀድመው አላመለከቱም?' ይላሉ» አለችኝ።

«ፈርቼ ነው» አልሁ።

ዘወር ብላ ነገረቻቸው። ጻፉት።

ወደ መስኮቱ ስመለከት አበረ ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ እየሄደ ነበር። ሰላምታ አልሰጠኝም። ልጅቱን ግን አልወሰዳትም።

ታኅሣሥ 29

ልደት። ከምእመኑ ጋር ከውጭ ቆምሁ። እጄን የማኖርበት ጠፋኝ።

ጥር 5

ደብዳቤው መጣ። ሙዚቃውን ከሌላ ትምህርት ቤት የሚዛወር መምህር ይይዘዋል። እኔ የአንደኛ ክፍል የእጅ ጽሑፍ። ጨዋታው ከነዳኞቹ ይቀጥላል ይላል፤ ለሌሎችም ትምህርት ቤቶች ይላካል። ስሜ የለበትም። ስሜ ባለመኖሩ ትንሽ ከፋኝ፤ በከፋኝም አፈርሁ።

ጓድ መንግሥቴ ዐሥር ቀን ሙሉ አላናገረኝም ነበር። ዛሬ ደብዳቤውን ሲሰጠኝ አፉን አለቅጥ እየከፈተ፣ «ሊ-ያ-ሰ-ና-ብ-ቱ-ህ ነበር። እኔ ነኝ የለመንሁ» አለኝ። ሳቅሁ። እሱም ሳቀ።

ያን ቀን የተናገርሁት ለልጅቱ ብዬ ነው ወይስ መደበቁ ስለ ደከመኝ? ብዙ አሰብሁበት። ለይቼ አላውቀውም።

ጥር 13

ጥምቀት አለፈ። እማዋይሽ ነገረችኝ። አበረ ሐሙሲቶቹን «ልጄ ተማሪ ናት» ብሎ መልሷቸዋል። እነሱም ተቀይመው ሄደዋል።

ጥር 17

ጠዋት አንደኛ ክፍል ገብቼ ልጆቹን መስመር ሳሰምር አበረ በሩ ላይ ቆመ። አንዲት ትንሽ ልጅ በእጁ ይዟል፤ እግሯ አቧራ ለብሷል፤ የጸሐይነሽ ታናሽ ናት። ጓድ መንግሥቴ ከኋላው እየተከተለ «ዓመቱ ተጋምሷል እኮ፣ ምዝገባ አልቋል!» ይለዋል።

«እዚህ ክፍል ነው የማስገባት» አለ አበረ። «ሌላ ክፍል ከሆነ ግን ይዣት ልመለስ።»

ጓድ መንግሥቴ እኔን አየኝ፤ ሰማዩን አየ፤ ሄደ።

መዝገቡን ገልጬ ወደ ልጅቱ ጎንበስ አልሁ። «ስምሽ ማን ይባላል?» አልኋት።

እኅቷ ነግራት መሆን አለበት። ትንፋሿን ሳበችና ባላት ኃይል ሁሉ ጮኸች። መደዳው ሁሉ ዘወር አለ። አበረ ደንግጦ፣ «አንቺ! ቀስ በይ፣ መምህር ናቸው!» ብሎ ክንዷን ጎተታት።

«ይተዋት» አልሁት።

ማንንም ሳልጠይቅ ጻፍሁት፦ ይታይሽ አበረ።